ከሌሎቹ ጋር የማይሆን

ወንድሜ ከቤት የወጣው ዓሦቹን ስለገደለ ነው ብዬ አምኜ አደግኩ። ቁጭ አድርጎ እንዲህ ነው ያለኝ ሰው የለም። ልጅ ነበርኩ፤ ያየሁትን ከሰማሁት ጋር ሰፋሁት፣ ሰፍቼም ለበስኩት። ልኬ አለመሆኑን ያወቅኩት ባለፈው ዓመት፣ አባቴ ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ እጽፈዋለሁ ብዬ ነበር። አልበረደም።

አባቴ የጥርስ ሐኪም ነበር። እኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን፣ ክሊኒኩ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ስወርድ መጀመሪያ የሚቀበለኝ የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ከውስጠኛው ክፍል የሚወጣው የመቦርቦሪያው ጩኸት። በሽተኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ይጠብቃሉ። ጩኸቱ ከፍ ሲል ሁሉም እኩል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዳንዱማ ተራው ሲደርስ "አሁን ተሻለኝ" ብሎ ተነስቶ ይሄዳል።

አባቴ አኳሪየም ያስገባው ለዚህ ነው። ዓሣ ሲዋኝ ያየ ሰው ሕመሙን ይረሳል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቦ ነበር። ነገር ግን ማንም ሰው ሳሎኑ ውስጥ በብርጭቆ የሚያስቀምጠውን ቀይ ዓሣ አባቴ አይፈልግም። "ካልቀረስ ባሕሩን ነው የማመጣው" አለ፤ አመጣውም። የግድግዳውን ግማሽ የያዘ መስታወት፣ ጨዋማ ውሃ፣ ከባሕር የመጣ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ መብራት ሲበራ የሚከፈት፣ ሲጠፋ እንደ አበባ የሚሰበሰብ ኮራል። ማታ ማታ ወርጄ መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ስለጥፍ ፓምፑ እንደተኛ ሰው ያንኮራፋል።

ያኔ ወንድም ጋሼ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር። እናቴ አባቴን ከማግባቷ በፊት የወለደችው ነው፤ እኛ ቤት ሲመጣ ጺም ሊያበቅል ዳር ዳር ይል የነበረ ጎረምሳ ነው፤ እስከዚያ ያደገው አክስቴ ዘንድ ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድም ሳይኖረኝ ተኝቼ፣ ሲነጋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማዬን የሚያስርልኝ ወንድም አግኝቼ ተነሳሁ።

አባቴን "ዶክተር" ብሎ ነበር የሚጠራው። እኔ "አባዬ" የምለውን ሰው እሱ "ዶክተር" የሚለው ጥርሱን ስለሚያመው መስሎኝ ነበር። የሚተኛው ደግሞ ምድር ቤት፣ የክሊኒኩ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ የጄሶ ጥርሶች በተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር በተዘረጋች ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። እንዴት እንደምቀናበት። በሩን ከፈት ሲያደርግ ከአልጋው ሆኖ ዓሦቹን ያያል። እኔም እዚያ ካልተኛሁ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ።

ፎቅ ላይ የእንግዳ መኝታ ቤት ነበረን። አልጋው ተነጥፎ፣ መጋረጃው ታጥቦ፣ ዓመት ከዓመት ባዶውን ያድር ነበር።

ዓሦቹን የምንገዛው ከአንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ እጇ ከውሃ ወጥቶ ከማያውቅ ወፍራም ሴትዮ ነው። ሱቋ ጨለማ ነው፤ የሚያበሩት መስታወቶቹ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ የሄድን ቀን አራታችንም ነበርን። አባቴ ገና ከበሩ "ያንን ሰማያዊውን፣ ያንን ቢጫውን፣ ያንን ባለ ሽንትሩን" እያለ በጣቱ ሲያዝዝ ሴትዮዋ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ቀና አለች።

"ዶክተር፣ ዓሣ በመልኩ አይመረጥም። በመልኩ የመረጡ ሰዎች በሳምንቱ ሬሳ ይዘውልኝ ይመጣሉ።"

"ታዲያ በምኑ ነው የሚመረጠው?"

"በጠባዩ። ሲያድግ ምን ያህላል? ምን ይበላል? ሲተኛ የት ይገባል? ይሄ ቦታ የኔ ነው ብሎ ይጣላል ወይስ አይጣላም? አስቀድሞ እዚያ ቤት ማን አለ? ልጅ ሲድሩ የሚጠየቀው ሁሉ ይጠየቃል።"

እናቴ ሳቀች። ወንድም ጋሼ ግን አልሳቀም፤ ቀረብ ብሎ "ቀድሞ የገባው ኋላ የሚመጣውን አይጠላውም?" አላት።

ሴትዮዋ አየችው። "ይጠላዋል እንጂ። ለዚህ ነው የዋሆቹን አስቀድመን የምናስገባው። ኃይለኛውን ቀድመህ ካስገባህ ቤቱን የሱ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ እንግዳ ነው።"

ያን ቀን በሷ ምርጫ ወጣን። ነጭ ቀበቶ የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ አሸዋውን በአፉ እየጫነ የሚያራግፍ አንድ ዓይናፋር፣ መስታወቱን እየላሱ የሚያጸዱ ቀንድ አውጣዎች፣ በመጨረሻም ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያለበት፣ ጺሙ ከሰውነቱ የሚረዝም ቀይ ሽሪምፕ። ሽሪምፑ ሥራ ነበረው። ዓሦቹ መጥተው አፋቸውን ከፍተው ፊቱ ይቆማሉ፤ እሱ እግሩን ወደ አፋቸው ሰድዶ ጥርሳቸውን ይለቅምላቸዋል። ወንድም ጋሼ "ሐኪሙ" ብሎ ስም አወጣለት። "አባትሽ ይሄ ነው፣ የሱ ግን አያሳምምም" ብሎ በጆሮዬ ሲነግረኝ በሳቅ ሞትኩ።

ውሃውን የሚጠብቀው ወንድም ጋሼ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጽሐፉን እንኳ ሳያስቀምጥ ወደ መስታወቱ ነው የሚሄደው። ጨዉን በባልዲ ያሟሟል፣ እስኪጠራ አንድ ሌሊት ያሳድረዋል፣ ከብርጭቆ የተሠራውን የጨው መለኪያ ውሃው ላይ ያንሳፍፍና ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ያነባል። አንድ ቀን እጁን አስገብቶ ዝም ብሎ ያዘ። ሐኪሙ ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ጣቱ ላይ ቆመና ጥፍሩን መልቀም ጀመረ። ቀጥሎ የኔን እጅ ይዞ አስገባው። ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ላባ የመሰለች ነገር በጣቴ ላይ ስትሄድ ተሰማኝ። "አትነቃነቂ" አለኝ፤ "ካልፈራሽው አይፈራሽም።" በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የታመንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጥርሳሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ያን ቀን ወንድም ጋሼ ፈተና ላይ ነበር። ሱቁ የገባነው አባቴ፣ እናቴና እኔ ነን። አባቴ የዓሦች ምግብ ሊገዛ ነበር የገባው፤ ጥግ ላይ ለብቻው ከተቀመጠ አንድ መስታወት ፊት ሲደርስ ግን ቆመ። ውስጡ ያለው ዓሣ ጥቁር ነው፤ ሆዱ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያህሉ ነጫጭ ክቦች አሉበት፤ ከንፈሩ ሊፕስቲክ የተቀባ ይመስል ቢጫ ነው። አባቴ ሲጠጋ ዓሣውም ተጠጋ። አፉን ገለጥ አደረገ።

"ጥርሱን እዩልኝ እስቲ" አለ አባቴ። ድምፁ በሽተኛ ሲያባብል እንደሚሆነው ለስልሶ ነበር። "እስቲ ይሄን ጥርስ እዩት።"

ሴትዮዋ ከኋላ መጣች። "እሱ ይቅርብዎ ዶክተር። እሱ ብቻውን የሚኖር ነው።"

"ትንሽ ነው እኮ።"

"አሁን ነው ትንሽ የሆነው። ከሌሎቹ ጋር አይሆንም። ቀንድ አውጣውን ቅርፊቱን ሰብሮ ይበላል፣ ሽሪምፑን ይበላል፣ ዓሦቹንም አይምራቸው። እዚያ ያለውን በሙሉ በልቶ ቤቱን ይጨርሰዋል።"

እናቴ የአባቴን እጅጌ ያዝ አደረገች። "ስትነግርህ ስማት እንጂ።"

"እሷ ለሌላ ደንበኛ አስቀምጣው ነው" አለ አባቴ በዝቅተኛ ድምፅ፤ ቀጥሎም ጮክ ብሎ "ይጠቅለልልኝ" አለ፤ ዓሣ እንደ ሸሚዝ የሚጠቀለል ይመስል። እናቴ እጅጌውን ለቀቀች።

ይህን ሁሉ ቆሜ ሰምቻለሁ። አንዱም ቃል አላመለጠኝም። ግን "ብቻውን የሚኖር ነው" ስትል እንደ ንጉሥ ያለ ነገር ነው የታየኝ። "ቤቱን ይጨርሰዋል" ስትል ደግሞ ደስ አለኝ። ጎረቤታችን ጅምር ቤት ነበራቸው፤ "አቤት፣ በመጨረሻ ቤታቸውን ጨረሱት" ሲባል ትልቆቹ ሁሉ ደስ ሲላቸው አይቻለሁ። ጥርሳሙም የኛን ቤት ሊጨርስልን ነው የመጣው አልኩ። በላስቲክ ውስጥ አቅፌ ወደ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጥርሱን ሲያፋጭ በላስቲኩ በኩል ጣቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ ከፈተና ተመልሶ ሲያየው ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ማነው እሱን ያስገባው?" አለኝ። "አባዬ ነዋ" አልኩት በኩራት።

በመጀመሪያ ቀንድ አውጣዎቹ ጠፉ። ቅርፊታቸው አሸዋው ላይ ቀርቷል፤ እነሱ የሉም። ልብሳቸውን አውልቀው ሊዋኙ የሄዱ መሰለኝ። ከዚያ ዓይናፋሩ ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ጠዋት ስወርድ የሐኪሙ አንድ ጺም ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ አገኘሁ። ጺሙ ብቻ። ከሁለቱ ብርቱካናማዎች ትልቁ በነጋታው ጭራው ተበልቶ ጎኑ ላይ ተኝቶ ተገኘ። ትንሿ ከፓምፑ ቱቦ ኋላ ተወሽቃ አልወጣም አለች።

ያን ቀን ክሊኒኩ ሙሉ ነበር። አባቴ ጓንቱን ሳያወልቅ መጥቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። በሽተኞቹ ሁሉ ያያሉ። አንዷ ሴት "ምጽ፣ ሞቱባችሁ?" አለች። የአባቴ ጆሮ ቀላ።

ወንድም ጋሼ ከዕቃ ክፍሉ ወጣ። "ዶክተር፣ እሱ ነው" አለ። "ትናንት ሊነጋ ሲል ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ሽሪምፑን ከድንጋዩ ሥር አውጥቶ ነው የበላው። ዛሬውኑ ካልወጣ ትንሿንም ይበላታል።"

"ጨው ነው" አለ አባቴ።

"ጨዉን ለክቼዋለሁ፣ ልክ ነው፣ ይኸው ይዩት—"

"ጨው ነው አልኩህ። አብዝተህ ከተትክባቸው። አንድ ሥራ ነበር የሰጠሁህ፣ አንድ። የሰው ቤት ተቀምጦ አንድ ሥራ መሥራት ያቅታል?" መለኪያውን ከእጁ ነጠቀው። የያዘበት ኃይል ብዙ ነበር፤ የመለኪያው ብርጭቆ ለሁለት ተሰበረ። ጉንጩ ያበጠ አንድ ሽማግሌ "ልጅ ነው ዶክተር፣ ይማራል" አሉ። ወንድም ጋሼ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። መዳፉ ላይ ደም ነበር።

እናቴ ደረጃው ላይ ናት። የአባቴን ሻይ በትሪ ይዛ እየወረደች ነበር። ወንድም ጋሼ ቀና ብሎ አያት። እኔም አየኋት። እሷ ትሪውን አየች።

ልጅ የራሱ ሕግ አለው። የኔ ሕግ ይሄ ነበር፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ እማዬ ትናገር ነበር። እማዬ ዝም ካለች እውነት ነው። እናም ወንድም ጋሼ ሐኪሙን ገደለው። በሚጢጢ እጄ ላይ የሄደውን ሐኪም።

ከዚያ በኋላ በሆነ አንድ ጠዋት፣ ፊቴን ልታጠብ ስሄድ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አባቴ ጺሙን ይላጫል፤ እናቴ በሩ ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች። ጀርባዋን ነው የማየው። ከኋላዋ መኖሬን አላወቁም።

"ከሌሎቹ ጋር አይሆንም" አለ አባቴ። "ገና አሁን ነው እንዲህ የሆነው። እያደገ ሲሄድ ይብስበታል።"

"ትንሽ ጊዜ ስጠው።"

"ሰጥቼዋለሁ። ትንሿን ሳያበላሽብኝ ይውጣ።"

"የት ይሄዳል ታዲያ?"

"ወደመጣበት። ከሰማይ አልወደቀ።"

ቧንቧው ተከፍቶ ተዘጋ። ምላጩን ሲያንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ እናቴ "እሺ" አለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ክንፍ አውጥቼ ነው። ወንድም ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል፤ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል። ለቀናት አኩርፌው ነበር፤ ምሥራቹ ግን ኩርፊያውን አስረሳኝ።

"ሊያወጡት ነው" አልኩት። "ጥርሳሙን። አባዬ ተናገረ። ወደመጣበት ይመልሱታል።"

ብሩሹ ቆመ። "እንዴት ብሎ ነው የተናገረው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"

ነገርኩት። ጎበዝ ነበርኩ፤ የሰማሁትን ቃል በቃል መድገም እችል ነበር። እያደገ ሲሄድ ይብስበታል። ትንሿን ሳያበላሽብኝ ይውጣ። ከሰማይ አልወደቀ።

"እማዬስ? እማዬ ምን አለች?"

"ትንሽ ጊዜ ስጠው አለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እሺ አለች።"

ሌላኛውን ጫማ አንስቶ መቦረሽ ጀመረ። "ጥሩ ነው" አለኝ። "ለትንሿ ጥሩ ነው።"

ትንሿ እኔ ነበርኩ። ይህን ባለፈው ዓመት ስረዳ መኪና እየነዳሁ ነበር፤ ዳር ይዤ ቆሜ መሪውን በቡጢ መታሁት።

ወንድም ጋሼ በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። "አክስትሽ ጋ ትምህርቱን ይቀጥላል" አሉኝ። ስንሰነባበት ጫማዬን አሰረልኝ፤ ታስሮ ነበር፤ ፈትቶ ነው እንደገና ያሰረው። እናቴ እስከ በሩ ሸኘችው። ከዚያ ገብታ ድስት አጠበች፤ የታጠበውን ድስት።

ጥርሳሙ ግን አልወጣም። በየቀኑ ስወርድ አለ። ትንሿ ብርቱካናማ ነች የጠፋችው። ነገሩ ግራ ገባኝ፤ አባዬ ይወጣል ያለው አልወጣም፣ ማንም ይወጣል ያላለው ወጣ። ልጅ ደግሞ ግራ እንደገባው አይኖርም፤ ከእጁ ባለው ነገር ይጠግነዋል። እኔም ጠገንኩት። ወንድም ጋሼ ዓሦቹን ገደለ፣ ስለዚህ ሄደ። ጥርሳሙ የተረፈው ጠንካራ ስለሆነ ነው። ዕቃ ክፍሉ ተመልሶ ዕቃ ክፍል ሆነ። ዓሣው እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄደ፤ በሽተኞች ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩት ይመጡ ነበር።

አክስቴ ቤት የራሷ ልጆች ሞልተውት ነበር። ወንድም ጋሼ ትምህርቱን አልቀጠለም። ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ዘንድ ሥራ ገባ፤ የሚተኛውም እዚያው፣ የተበላሹ ፍሪጆች መሃል ነበር። ዛሬ የራሱ ሱቅ፣ ሚስትና ልጆች አሉት። እኛ ቤት ሲመጣ ወንበር ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። ኮስታራ ሰው ነው እል ነበር። ቅርበት የማይወድ። ጥፋቱን እያሰበ የሚያፍር ይመስለኝ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁም እል ነበር። እኔ፣ ይቅር ብዬው።

ያለፈው ዓመት ምሳ ላይ አባቴ ጋብዟቸው የመጡ ሁለት የሙያ ጓደኞቹ ከነሚስቶቻቸው ነበሩ። ወንድም ጋሼ አልተጠራም። ሾርባው ተነስቶ ሩዙ ሲቀርብ ጨዋታው ደራ፤ አንደኛው ዶክተር ስለ ክሊኒኩ ዓሣ አነሳ።

አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። ቀልድ ሊያወራ ሲል እንደዚያ ያደርጋል። "ያንን ጉድ ታስታውሰዋለህ? ሻጯ ሴትዮ ለመነችኝ እኮ። 'ዶክተር፣ ይሄ ብቻውን የሚኖር ነው፣ ያሉትን ሁሉ ይፈጃቸዋል' አለችኝ። እኔ መቼ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ? ጥርሱን ሳየው ልቤ ጠፋ። ወሰድኩት። ምን አለፋህ፣ አንድ በአንድ ሰለቀጣቸው። ቤቱን ባዶ አድርጎ ለብቻው ነገሠበት።"

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። አንዷ ሚስት ዓይኗን በናፕኪን ጠረገች።

"ጨዉስ፣ አባዬ?" አልኩ።

"የምን ጨው?"

"ዓሦቹ የሞቱት ጨው በዝቶባቸው ነው ብለህ ነበር።"

"እኔ? የለም፣ የለም። ሚጣዬ፣ የባሕር ዓሦች እኮ ናቸው፤ ጨው ምን ይላቸዋል?" እንደገና ሳቁ። አየሁት። እየዋሸ አልነበረም። ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ የሕፃን ዓይን። የሰበረውን መለኪያ፣ የልጁን መዳፍ፣ "የሰው ቤት" ያለውን ሁሉ ረስቶታል። አንድ ልጅ ከቤት ያስወጣበት ምክንያት ከአእምሮው ወጥቶ ሄዶ፣ የምሳ ማጣፈጫ ሆኖ ተመልሷል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ቆሞ ያየውስ? ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ አልሳቀችም። ሳህኗን ነው የምታየው። ያቺኑ ትሪ እንዳየችበት አስተያየት።

ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

"ታውቂ ነበር" አልኳት። "ሱቁ ውስጥ እጅጌውን ይዘሽ ነበር።"

የሻይ ጀበናውን ምድጃ ላይ ጣደች። "ስንት ዘመን ያለፈውን ነገር ምን አመጣው?"

"አንድ ቃል። 'ሴትዮዋ ነግራህ ነበር' ብትዪ በቃ ነበር።"

"አንድ ቃል ብናገር ሁላችንም ነበር የምንወጣው" አለች ወደ እኔ ሳትዞር። "አንቺ የሰው ፊት አላየሽም። እሱን አዝዬ ስንት በር እንዳንኳኳሁ አታውቂም። አባትሽ ሲያገባኝ ልጁን አይደለም ያገባው፤ እያወቅኩ ነው የገባሁት። አንቺንም ማሳደግ ነበረብኝ።"

ለአፍታ አዘንኩላት። ዛሬም አዝንላታለሁ፤ ማዘኔ ግን ንዴቴን አላጠፋውም፤ ሁለቱም አንድ ደረት ውስጥ ተቀምጠዋል። "እኔን ምክንያት አታድርጊኝ" አልኳት። "የሰው ፊት ክፉ መሆኑን እያወቅሽ ነው መልሰሽ የላክሽው። ፎቅ ላይ ባዶ አልጋ እያለ ከጄሶ ጋር ያስተኛሽውም አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ ወንድሜን እንደ ነፍሰ ገዳይ እያየሁ አደግኩ፤ አንቺም ስታይኝ ዝም አልሽ።"

"ወንድምሽ ረስቶታል።"

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩለት። "ንገሪው እንግዲህ" ብዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። "ሃሎ… ልጄ… እንዴት ዋልክ? ልጆቹስ? ምሳ በላችሁ?… አይ፣ እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው…" ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ይለምናል። "ብርዱ እንዴት ነው እዚያ?" ስትል ትዕግሥቴ አለቀ። ቀማኋት።

"ወንድም ጋሼ፣ ጨው አልነበረም" አልኩት። "አባዬ አሁን ምሳ ላይ እየሳቀ ተናገረ። ሴትዮዋ ነግራቸው ነበር። እማዬም ሰምታ ነበር።"

በስልኩ ውስጥ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ በር ተዘጋና ጸጥ አለ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ከመሄዴ በፊት ሱቁ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። 'እናትህ ቆማ ነው እኮ የነገርኳቸው' አለችኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም? ይሄን ሁሉ ዘመን?"

"ምን ብዬ? እኔ ወጥቻለሁ። አንቺ ግን ከነሱ ጋር ትኖሪያለሽ፤ የእነሱን እንጀራ እየበላሽ የት ታደርጊዋለሽ?" አላቃሰተም፣ አልተማረረም። የተቃጠለ ሞተር ለደንበኛ እንደሚያስረዳ ነበር የነገረኝ። "ካደግሽ በኋላ ደግሞ… አንቺም አልጠየቅሽም።"

የተዘጋውን በር ተደግፌ ቆምኩ።

"እናቴ አጠገብሽ አለች?"

"አለች።"

"ስጪያት።"

ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ብዙ አልተናገረም፤ ምናልባት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። እናቴ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች፤ ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገችው። ፊቷ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምን አለሽ ብላት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እሱንም ብጠይቀው "የኔና የሷ ነው" አለኝ።

ጀበናው እየፈላ ክዳኑን ያንቀጫቅጨዋል። ከሳሎን የአባቴ ድምፅ መጣ። "ሻዩስ? እንግዶቹ እየጠበቁ ነው።"

እናቴ አልተነሳችም።

"አትሰሙኝም እንዴ?" አለ አባቴ።

እጄን ወደ ምድጃው ሰደድኩና እሳቱን አጠፋሁት። ከዚያ እኔም ወንበር ስቤ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ አላቀፍኳትም፣ አላጽናናኋትም። አባቴ ሦስተኛ ጊዜ ተጣራ። ዝም ብለን ተቀመጥን፣ ወንበሩን ገፍቶ ራሱ ሲነሳ እስክንሰማ ድረስ።